የግራው ሶል

ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል
በየማለዳው ጉልበቴን ስበድል
ስድስት ወር ቆየሁ፤
ቆሮሶ ከሚያራግፉ ጀልባዎች ጋር
ሰዓቴን አስተካክዬ፣
ከተማዋን በግራ ትቼ
ውሃውን በቀኝ አዝዬ።

መጀመሪያ ትንሽ ነበረች፣
ከጉልበቴ ሎሚ ጎን እንደ ተረሳች መርፌ።
ቀጥላ ደረጃ ስወርድ ጠራችኝ፤
ቀጥላ ሰባተኛ «ለ» ክፍል ቆሜ
ክፍልፋይ ሳስተምር ጠመኔ አስጣለችኝ።
እኔም እንደ ሰው ሁሉ
በቅቤ አሸሁት፣ ቪክስ ቀባሁት፣
በሻሽ ጠፍሬ አሰርኩት፤
ሩጫውን ግን አልተውኩት።

ጫማዬ የሰልባጅ ተራ ነው፤
ቀለሙ የብርቱካን ልጣጭ፣
ግማሽ ቁጥር የሚጠበኝ፣
«ቆዳ ነው፣ ይሰፋል» ብሎ ሻጩ የማለልኝ።
ቆዳ አልነበረም።

የግራው ሶል ሲላቀቅ
ከመናኸሪያው ጀርባ ጋሽ ሃሜሶ ዘንድ ወሰድኩት፤
ላስቲክ ዳሱ ሥር ተቀምጦ
ወስፌውን፣ ጉጠቱን፣ ማስቲሹን ደርድሮ።
ሐኪም ራጅ እንደሚያይ
ወደ ብርሃን ቀና አድርጎ አየው፣
አገላብጦ፣ መርምሮ።
ከሳንቃው ላይ አኖረው፤
ጫማው ብቻውን ዘመም አለ
እንደ ሰካራም፣ ግድግዳ ፈልጎ።

«መሬት ምን በድላሽ ነው
እንዲህ የምትደበድቢያት?
ተረከዝሽ ቀድሞሽ ይሄዳል፤
ገላሽ መንገድ ላይ ሳለ
እግርሽ ደርሶ ይጠብቃል።
በየእርምጃው ፍሬን ትይዣለሽ።
ፍሬን ሲበዛ ምን እንደሚያልቅ
ባጃጅ ነጂ ይንገርሽ።»

«ጋሼ፣ ሮጠው ያውቃሉ?»
«እኔ? ዝናብ ሲመጣ፣ እስከዚያ በረንዳ።
ግን ሠላሳ ዓመት ሶል አንብቤአለሁ።
የዘበኛ ሁለቱም ተረከዙ ያልቃል፤
የነጂ የቀኙ ብቻ።
ያዘነ ሰው ጫፉ ይላጣል፣
እግሩን አያነሳማ።

እርምጃሽን አሳጥሪው፤
አብዢው እንጂ አታርዝሚው።
እግርሽ ከወገብሽ ሥር ይውደቅ።
ትከሻሽን ከጆሮሽ አውርጂ፣ ሸክም የለብሽም።
ጫማ ማታ ግዢ፣ እግር ውሎ ሲያብጥ፤
ከአውራ ጣትሽ ፊት ሌላ አውራ ጣት
የሚተኛበት ቦታ ይኑር።
ደግሞ ስሚ። የራስሽን ኮቴ ስሚ።
ጮኾ ከተሰማሽ
እየከፈለ ያለው ጉልበትሽ ነው።»

«ግድ የለም፣ ይስፉልኝ» ብዬ ሃምሳ ብር ዘረጋሁ።
እጁን አልሰደደም።
«ይህን ከሰፋሁ ጉልበትሽን ቀደድኩ።
ሂጂ፤ ሦስት ሳምንት ተቀመጪ።»

ሦስት ሳምንት!
ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ
የሰው ተረከዝ ስቆጥር ከረምኩ።
ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፤
የሆቴል አስተናጋጁ፣ የባንኳ ልጅ፣
ስልኩን ጨብጦ የሚሮጠው ጎረምሳ፣
ሁሉም ከመሬት ጋር የቆየ ነገር ያላቸው ይመስላሉ።

አባ ኮዳን ግን አየሁት፤
ያ መላጣ፣ ያ አስቀያሚ፣
የዓሣ አንጀት ሲጣልለት እንኳ አይጣደፍም።
እግሩን ከሥሩ ያነሳል፣ ከሥሩ ያኖራል፤
መረገጡን ውሃው አያውቅም።

በአራተኛው ሳምንት፣ ማታ፣
ግራጫ ጫማ ገዛሁ፣ ሰፊ፣ ውበት የሌለው፣
የወር ደመወዜን ግማሽ የበላ።
አንድ ደቂቃ ሮጬ አንድ ደቂቃ ስራመድ
«ቲቸር፣ አይዞሽ!» አሉኝ ተማሪዎቼ፤
አፈርኩ።
አፍሬም እየቆጠርኩ ቀጠልኩ።
አንዳንድ ቀን ተረከዜ ይረሳና ይጮሃል፤
ያኔ ቆም እላለሁ፣ ትከሻዬን አወርዳለሁ፣
እንደገና።

ትናንት ማለዳ በመናኸሪያው ጀርባ ሮጥኩ።
ጋሽ ሃሜሶ ላስቲኩን ይወጥራል፣
ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣
ገመዱን በጥርሱ ይዞ።
ልጠራው አልኩና ተውኩት።
በክንድ ርቀት አጠገቡ አለፍኩ።

ዞር አላለም።